ከጓዳ የመጣው ሳል

ውድ እማማ፣

ነርሷ «እሳቸው ባይነቁም ጆሯቸው አልተኛም፤ አውሪያቸው» ስላለችኝ ነው ጽፌ የማነብልዎ።

አከራይዎ እርስዎ ሆስፒታል ከገቡ ወዲህ ቤቱ ተትቷል፣ ይመለስልኝ ብሎ ከሷል። ጠበቃችን «ሕጉን ለእኔ ተይው፤ አንቺ ኑሯቸውን አሳዪልኝ» አለኝ። የእኛ የማኅበራዊ ሠራተኞች ሥራ ይኸው ነው፤ የሰውን ኑሮ ለዳኛ ማሳየት።

ቁልፍዎን ይዤ ፎቶ ላነሳ ገባሁ። ነጠላ ጫማዎ በሩ ሥር፣ መነጽርዎ መስኮቱ ላይ። ሰው የራቀው ቤት ይሸታል። የእርስዎ አልሸተተም። የአበባ ማሰሮዎን አፈር ነካሁት። እርጥብ ነው።

ቁልፉ ያለው እኔ ጋ ብቻ ነው።

ጎረቤትዎን ልብስ ሰፊዋን «አንቺ ነሽ የምታጠጪው?» አልኳት።

«እሳቸው እያሉ እኔ ምን አገባኝ?» አለች፣ ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች። «ይልቅ መድኃኒት አምጪላቸው፤ ሳላቸው እንቅልፍ ነሳኝ።»

ለጠበቃው አልነገርኩትም። ምን ብዬ?

ማክሰኞ ፍርድ ቤት የላከው ሰው ቤቱን ሊያይ መጣ። በሩን ከፍቼ «ሆስፒታል ናቸው፤ ግን ይመለሳሉ» አልኩት። እውነቱን ነው የተናገርኩት። ያኔ ከጓዳ ሳል ተሰማ። የእርስዎ ሳል፣ መጨረሻው ላይ ሳቅ የሚመስለው።

ሰውየው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እህቴ፣ ሆስፒታል ያለ ሰው ከጓዳ አይስልም። ይተኙ፣ አልረብሻቸውም።»

እሱ ሲሄድ ጓዳ ገባሁ። ማንም የለም። የአልጋዎ ትራስ ግን ይሞቃል።

ዛሬ ዳኛው የሰውየውን ቃል ሰምተው ቤቱ በእርስዎ እጅ ይቆይ ብለው ወሰኑ። ጠበቃው «ምነው፣ ፊትሽ እኮ የተሸነፈ ሰው ይመስላል» አለኝ። ወደ እርስዎ ሮጥኩ። እንደተኙ ነዎት። ነርሷ እዚህ ከገቡ ወዲህ አንድ ቀን እንኳ ስለው እንደማያውቁ ነገረችኝ። እጅዎን ያዝኩ።

ጥፍርዎ ሥር ጥቁር አፈር አለ።

ይህን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ ጻፍኩት። አንዱን እዚህ ትራስዎ ሥር እተዋለሁ፤ ሌላውን ቤትዎ፣ መነጽርዎ አጠገብ። ቤት ያሉት እርስዎ ቀድመው ካነበቡት፣ እባክዎ ሆስፒታል ያሉትን ይጠብቁ። ተስማምታችሁ ኑሩበት። በሩን ብቻ ከውስጥ አይቆልፉባቸው።

ቁልፍዎን የያዘችው፣
ማኅበራዊ ሠራተኛዎ