ለአያ አራጌ ማን ይንገራቸው?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9
ሱቅ ዋልሁ። አንድ የውሃ ፓምፕ ቺንጋ ሸጥሁ፣ በቃ። ከሰዓት የቡድናችን ሙህሲን መጥቶ ያንኑ ወሬውን ጀመረ። በፑል ሊጉ ሦስት ግጥሚያ አደረግን፣ በሦስቱም የመጀመሪያውን ጨዋታ ተሸነፍን። እውነቱን ነው። ሳንቲሙ ለእኛ ወጥቶ ማን ቀድሞ ተጫዋች ይጥራ የሚለው ምርጫ የእኛ ሲሆን እንኳ፣ ተጋጣሚ ማንን እንደሚያሰልፍ ሳናይ “አያ አራጌ” ብለን እንጠራለን። ለምን? ታላቃችን ስለሆኑ። እሳቸው ቁጭ ብለው ማን ቀድሞ ስቴካ፣ የፑሉን ዱላ፣ ያነሳል? ይሄን ሁሉም አውቆብናል፣ ጎበዙን ያወጣባቸዋል።
እሑድ ከዋጃ ቡድን ጋር ነን። ከተሸነፍን ከሊጉ ወጣን።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10
ሳሰላ ዋልሁ። አንዱ ግጥሚያ አምስት ጨዋታ ነው፣ ሦስት የወሰደ ያሸንፋል። ሳንቲሙ ከወጣልን ዋጃዎች ቀድመው ይጥሩ። ጎበዛቸውን ኑሀን ካወጡ ሙህሲን ይግባ። አያ አራተኛ... ጎበዞቻቸው ካለቁ በኋላ። ወረቀት ላይ ቀላል ነው።
ግን ማን ይንገራቸው? አምበሉ እኔ ነኝ፣ ስቴካ አያያዝ ያስተማሩኝ ግን እሳቸው ናቸው። እንዴት ብዬ ነው “ወደ ኋላ ይሁኑ” የምላቸው? ሙህሲንን “አንተ ንገራቸው” ብለው ሳቀብኝ።

ዓርብ፣ ኅዳር 12
እርሻቸው ድረስ ሄድሁ። ስለ ማሽላው አወራን። ስለሚበላው ወፍም አወራን። ተመለስሁ።
ፈሪ!

እሑድ፣ ኅዳር 14
ሚኒባስ ውስጥ አጠገባቸው ተቀመጥሁ። ዋጃ ልንገባ ስንል ተነፈስሁት... “አያ፣ ዛሬ መጀመሪያ ባይገቡስ?”
ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። አስቀየምኋቸው፣ አለቀልኝ አልሁ።
ከዚያ ክንዴን ያዝ አደረጉኝ። “ዓይኔ ከደከመ እኮ ከረመ። ስሜ ሲጠራ ምነው ሌላ ሰው በጠሩ እል ነበር። ታላቃችን ብላችሁ ስታስቀድሙኝ እንዴት እምቢ ልበላችሁ?”
እፎይ! ስንት ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ! እሳቸውም ለካ...
ሳንቲሙ ወጣልን። ዋጃዎችን “ቀድማችሁ እናንተ ጥሩ” አልኋቸው። ኑሀን ጠሩ፣ ሙህሲን ገባ። ደግሞ ተሸነፈ! ስንት የተፎከረበት ስሌት። ቀጣዮቹን ሁለት ግን ወሰድን።
ለአራተኛው እነሱም ሽማግሌያቸውን አቆይተው ኖሯል። ሁለቱ ጠረጴዛው ላይ “እርስዎ ይክፈቱ”፣ “ኧረ እርስዎ” ሲባባሉ ዳኛው መሃል ገብቶ ነው ያስጀመራቸው። አያ ቀስ ብለው፣ እየሳቁ፣ የመጨረሻዋን ጥቁር ኳስ ሳይቀር አስገቡ። ሦስት ለአንድ። አምስተኛው ሳያስፈልግ አለቀ። ከሊጉ አልወጣንም።
ስንመለስ “ለሚቀጥለውም አራተኛ አድርገኝ” አሉኝ። ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ ለራሳቸው የሆነ ነገር ሲጠይቁኝ ዛሬ ገና ሰማሁ።