ራስዎ እንዴት አደረ?

እህት ዓለም፣ እንዴት ከረምሽልኝ? እኔስ ደስታዬን አልቻልኩትም! ሰኞ ዕለት ፀሐዩ ቦግ ብሎ ሳለ ያ ራስ ምታቴ ተነሳብኝ። ላረፍኩበት የእንግዳ ማረፊያ ልብስ አጣቢ፣ «ዝናብ ሊመጣ ነውና አንሶላሽን አስገቢ» አልኳት። ዘበኛው ሳቀብኝ። እሷ ግን በሻሽ የታሰረ ግንባሬን አይታ፣ «የኔም ከጠዋት ጀምሮ እየወቀረኝ ነው» ብላ ከገመዱ ላይ ትሰበስብ ጀመር። ተጋግዘን የመጨረሻዋን የትራስ ልብስ ስናስገባ ዶፉ ወረደ! እናንተ እቤት «ሰበበኛ» ትሉኝ የለ? እዚህ ከዚያ ወዲህ አጣቢዋ ልብስ ከመዘፍዘፏ በፊት በሬን አንኳኩታ፣ «እትዬ፣ ራስዎ እንዴት አደረ?» ትለኛለች። ዛሬ ደህና ስላደረ አንሶላው ሁሉ ገመድ ላይ ተሰጥቷል። ልጆቹን ሳሚልኝ። ለባሌ ግን ሰላምታ ብቻ አይበቃውም፣ ይህን ፖስትካርድ ጮክ ብለሽ አንብቢለት።