ለሃኖይ ከተማ፦ መርዶ የምነግርበት ጥግ ስላጣሁ

ለተከበሩ የሃኖይ ከተማ የመንገድ፣ የሞተር ሳይክልና የክላክስ ጉዳይ ኃላፊ
(እንዲህ ያለ ኃላፊ ካለ)
ባሉበት

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ? ቤተሰብዎ፣ ልጆችዎ፣ ጆሮዎም ጭምር ደህና ናቸው? እኔ ለእግዚአብሔር ምስጋና ይግባውና ከቀኝ ጆሮዬ በቀር ደህና ነኝ።

አስቻለው እባላለሁ። የምኖረው ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ነው፤ ሥራዬ ዴንቨር ኢንተርናሽናል አየር ማረፊያ ዊልቸር መግፋት ነው። ሰውን ሁሉ እስከ አውሮፕላኑ በር አድርሼ እመለሳለሁ እንጂ ለራሴ ብቻዬን ተሳፍሬ የትም ሄጄ አላውቅም ነበር። ይህን ደብዳቤ በአማርኛ የምጽፍልዎ እንደማያነቡት ጠፍቶኝ አይደለም። ከተማዎ ውስጥ የተለጠፈው ሁሉ እኔ በማላነበው ቋንቋ ስለሆነ፣ እኩል እንሁን ብዬ ነው። የኦሮራ ሰው ግን ስለሚያነበው በኮሚዩኒቲያችን የፌስቡክ ገጽ ላይ ፖስት አድርጌዋለሁ፤ አሁን የምንደብቀው ነገር የለም።

ወደ ከተማዎ የመጣሁት ለሽርሽር አልነበረም። መርዶ ይዤ ነው የመጣሁት።

ታላቅ እህቴ ዘርፈሽዋል ኦሮራ ውስጥ ከእኛ ጋር ስትኖር ኖራ በድንገት አረፈች። ልጄን እምነትን ያሳደገቻት እሷ ናት። እኔና ባለቤቴ ውድነሽ አንዳችን ከሥራ ስንገባ አንዳችን ስንወጣ፣ ጸጉሯን የምትሠራት፣ ከስኩል ባስ የምትቀበላት፣ ሲያማት አብራት የምታድረው እሷ ነበረች። ልጄ እታለም ነው የምትላት። ታዲያ እታለም ስትሞት ልጄ ሥራዋን ለቃ፣ ዓለምን ብቻዬን ልየው ብላ፣ ሻንጣዋን በጀርባዋ አዝላ እርስዎ ከተማ ውስጥ ነበረች።

በስልክ ላረዳት አስቤ ነበር። የዕድራችን ሽማግሌ አቶ ተክለሚካኤል ግን ስልኩን ከእጄ ላይ ወሰዱት። «ብቻዋን ላለች ልጅ መርዶ በስልክ አይነገርም። ብትወድቅ የሚያነሳት ማነው?» አሉኝ። ዘመድ ሁሉ ፌስቡክ ላይ ፎቶ እንዳይለጥፍ ተነገረው። ልጄ ወደ እታለም ስትደውል ጠበል ገብታለች፣ እዚያ ስልክ አይፈቀድም ተባለች። እኔም እህቴን ቀብሬ፣ ለቅሶ ሳልቀመጥ፣ የሐዘን ጢሜን አየር ማረፊያው መጸዳጃ ቤት ውስጥ ተላጭቼ ተሳፈርኩ። ያልተላጨ ጢም በእኛ ዘንድ ከአፍ ቀድሞ ይናገራልና። ባለቤቴም ጥለቱ ጥቁር የሆነ ነጠላ አጣጥፋ የጀርባ ቦርሳዬ ታች ከተተችልኝ፤ ከነገርካት በኋላ አልብሳት አለችኝ።

እንግዲህ የተከበሩ ሆይ፣ አቤቱታዬ ከዚህ በታች ነው። ነገር በተራ በተራ ካልሆነ ስለማይሆንልኝ ቁጥር ሰጥቼዋለሁ።

፩. ስለ መንገድዎ። ታክሲው ሲያወርደኝ ልጄ ከማዶ ቆማ እጇን ታወዛውዝልኛለች። በመካከላችን ሞተር ሳይክል እንደ ክረምት ጎርፍ ይፈሳል። አንዱ ሞተር ላይ አባት፣ እናትና ሁለት ልጆች፣ ሌላው ላይ ፍሪጅ፣ ሌላው ላይ ደግሞ ከነማሰሮው ሙሉ የብርቱካን ዛፍ ተጭኗል። እኛ ኦሮራ፣ ሃቫና ስትሪት ላይ ለመሻገር ቁልፍ ተጭነን፣ መብራቱ ላይ ነጩ ሰውዬ እስኪወጣ እንጠብቃለን። ያንን ቁልፍ ፈለግኩ። ምሰሶው ላይ የሽቦ ክምር እንጂ ቁልፍ የለም። ልጄን በዓይኔ እያየኋት እንዳላቅፋት ስላደረጉኝ ከልብ አመሰግናለሁ፤ ፊቴን የማስተካክልበት ጊዜ አግኝቻለሁ። በመጨረሻ እሷ ከሳሎን ወደ ኩሽና እንደምትሄድ ሰው ዘና ብላ ተሻግራ መጣችና እጄን ያዘችኝ። «አባ፣ አትቁም፣ አትሩጥ፣ ወደኋላ አትመለስ። ዝም ብለህ ሂድ፣ እነሱ ይዞሩሃል» አለችኝ። ዓይኔን ጨፍኜ ተሻገርኩ። ማዶ ስንደርስ ምን አመጣህ አለችኝ፤ ቬኬሽን ወጥቼ ነው አልኳት። ሳቀችብኝ። ባለፈው የወጣሁት ቬኬሽን መንጋጋዬን የተነቀልኩበት እንደነበር አልረሳችም።

፪. ስለ ንጋትዎ። መርዶ በጠዋት ነው የሚነገረው፤ ሰው እህል ሳይቀምስ፣ መንደሩ ጸጥ እንዳለ። ስለዚህ ገና ጎህ ሲቀድ ቀስቅሼያት ወደ ሐይቅዎ ወሰድኳት። ጸጥ ያለ አግዳሚ ወንበርም መረጥኩ። ለካ በእርስዎ ከተማ ጎህ ሲቀድ አሮጊቶች ሁሉ አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሰው፣ የበግ ግልገል የሚያክል ስፒከር ከፍተው ስፖርት ይሠራሉ። አንዷ፣ በእህቴ ዕድሜ ያለች፣ መጥታ እጄን ጎትታ ሰልፉ ውስጥ አስገባችኝ። ልንገርዎ ጌታዬ፣ የእህቴ መቃብር አፈሩ ሳይደርቅ እኔ ወንድሟ እጄን ሽቅብ አንስቼ ወገቤን አወዛወዝኩ። ልጄ እንባዋ እስኪወርድ እየሳቀች በስልኳ ቀረጸችኝ። ከዚያም ቪዲዮውን ለእታለም ላከችው፤ ከጠበል ስትወጣ ታየዋለች አለችኝ። ስለዚህ ጠዋቱም አመለጠኝ፤ ጤና ይስጥልኝ።

፫. ስለ ወንበርዎ። መርዶ የሚነገረው ሰው ይቀመጣል፤ የሚነግረውም ይቀመጣል። የእርስዎ ካፌዎች ወንበር ግን የመዋዕለ ሕፃናት ነው፤ ስቀመጥ ጉልበቴ ጆሮዬን ነካው። እንዲህ ተቀምጦ ምን ዓይነት አባት ነው የሞት ወሬ የሚያወራው? ቡናውንም እንቁላል መትተውበት አመጡልኝ። እሱን ለሌላ ደብዳቤ ትቼዋለሁ። ትልቁ አቤቱታዬ ክላክሱ ላይ ነው። ባደግኩበት ሰፈር በማለዳ ጡሩምባ የሚነፋው ሰው ሲሞት ነበር፤ የዕድሩ ለፋፊ እየነፋ ስም ይጠራል። የእርስዎ ሰው ደግሞ መጣሁ ለማለት ይነፋል፣ ቆምኩ ለማለት ይነፋል፣ ምንም ሳይልም ይነፋል። አፌን በከፈትኩ ቁጥር አንዱ ነፋብኝ፤ በነፋ ቁጥርም ለልጄ ቀድሞኝ የሚናገርብኝ እየመሰለኝ አፌን መልሼ እዘጋው ነበር። የልጄ ስልክ ድምፅ ባሰማ ቁጥርም እንዲሁ። ከኦሮራ ባለቤቴ ነገርካት ወይ ብላ ቴክስት ታደርጋለች፤ እኔ መንገድ ላይ ነን ብዬ እመልሳለሁ። እውነቴን ነው። በእርስዎ ከተማ ሰው ሁልጊዜ መንገድ ላይ ነው።

፬. ስለ ሆቴሌ ክፍል። መስኮት የለውም። እዚያ ውስጥ መርዶ ብነግር ጩኸቷ የሚወጣበት ቀዳዳ አይኖርም ብዬ ፈራሁ። ሌላ የምለው የለኝም።

፭. ስለ ድንኳንዎ። ይህ አቤቱታ ይሁን ምስጋና ለእኔም አልለየልኝም፤ ወደሚመችዎ ፋይል ያስገቡት።

ተስፋ ወደ መቁረጡ ደርሼ ነበር። ልጄ ነገ ወደ ሌላ ከተማ ልሄድ ነው ስትለኝ፣ እንደ ፈሪ ዝም ብዬ ጥዬያት ልመለስ ነው፣ ለውድነሽስ ምን እላታለሁ እያልኩ ከኋላዋ እየተከተልኩ ከሆቴሉ ፊት ካለው አውራ መንገድ ማዶ ባለ ቀጭን መንገድ እንሄዳለን። አንድ ቤት ደጃፍ ላይ ሸራ ተወጥሯል። ከሥሩ ወንበር ተደርድሮ፣ ሰው ዝም ብሎ ሻይ ይዞ ተቀምጧል፤ ከበሮና እምቢልታ የመሰለ ነገር ይሰማል፤ የቤቱ ሰዎች ግንባራቸው ላይ ነጭ ጨርቅ አስረዋል። ልጄ ልክ እንደኛ ድንኳን ነው፣ ሰርግ ይሆን እንዴ አለችኝ። እኔ ግን ገና ከሩቅ ነበር ያወቅኩት።

የተከበሩ ሆይ፣ በእኛ ዘንድ የለቅሶ ድንኳን አይታለፍም። ጠላት ቢሆን እንኳ ይገባል። ሌላው ሁሉ ነገሬ አናውቃቸውም ሲል እግሬ ብቻ ገባ። ልጄ እጅጌዬን ይዛ ጎተተችኝ፤ የምታየውን ማመን አቅቷት ነበር። አንድ ጎልማሳ ተነስቶ ከእነዚያ ትንንሽ ወንበሮች አንዱን ሳበልኝ፤ ሻይ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። የማን ዘመድ ነህ ያለኝ የለም። ፊት ለፊት የሟቿ ፎቶ ቆሟል፤ ቀጭን፣ ፈገግ ያለች አሮጊት ናት። እህቴን በምንም አትመስላትም። እኔ ግን እህቴ ከሞተች ወዲህ ለቅሶ ስቀመጥ የመጀመሪያዬ ነበር። ጎንበስ አልኩ። እትዬ ዘርፌ የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ የራሴ ነበር። ከዚያ በኋላ ማቆም አልቻልኩም።

ልጄ ፊቴ ተንበረከከች።

«አባ» አለችኝ፤ «እታለም ጠበል አይደለችም፣ አይደል?»

ከዴንቨር ጀምሮ አውሮፕላን ውስጥ ያጠናሁት ቃል ነበረኝ፤ ሰው ሆኖ የማይሞት የለም፣ እግዚአብሔር የሰጠውን እግዚአብሔር ይወስዳል የሚል። እሱን ተውኩት። ቦርሳዬን ከፍቼ ያንን ነጠላ አወጣሁ። ጥለቱን ስታይ ጮኸች።

እኔ ከወንበሩ ላይ ለመነሳት ስታገል፣ ጉልበቴ ከዚያ ዝቅታ በቶሎ አይነሳምና፣ ነጭ ያሰሩት ሴቶች ቀድመውኝ ደረሱ። አንዷ ልጄን ደረቷ ላይ አስተኝታ ጀርባዋን መታ መታ እያደረገች በቋንቋዋ ታባብላታለች። ሌላዋ ነጠላውን ከእጄ ተቀብላ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችላት። አቶ ተክለሚካኤል የጠየቁኝን ጥያቄ አሁን መመለስ እችላለሁ። ያነሷት ስማቸውን የማላውቃቸው ሰዎች ናቸው፤ የራሳቸውን ለቅሶ አቋርጠው።

በዚህ ሁሉ መሀል ሞተሮችዎ በድንኳኑ አጠገብ እየተጣበቡ ሲያልፉ ክላክሳቸውን ለአንድ አፍታ እንኳ አላቆሙም። ለዚህም እንደ ልማዴ አመሰግናለሁ፤ ልጄ እንደ ልቧ ጮኸችበት።

ወደ ሆቴሉ ስንመለስ ያ የሞተር ጎርፍ እንደገና ጠበቀን። ልጄ ጠርዙ ላይ ደርሳ ቆመች። ነጠላዋን አስተካከልኩላትና እጇን ያዝኩ። ከእሷ የተማርኩትን ነው የነገርኳት፤ አትቁሚ፣ አትሩጪ፣ ወደኋላ አትመለሺ። ይህን ጊዜ ዓይኔን አልጨፈንኩም። እውነትም ዞሩን።

ከልጄ ጋር አብረን ወደ ኦሮራ ተመልሰናል። ከተማዎን ዳግመኛ እንዳያሳየኝ ለእግዚአብሔር፣ የዚያን ድንኳን ሰዎች ግን እንዲባርክልኝ ለዚያው ለእግዚአብሔር አመልክቻለሁ። ለእርስዎም ረጅም ዕድሜ፣ ሰፊ መንገድ፣ ቁመቱ ለሰው የሚሆን ወንበርና አንድ ጸጥ ያለ ጠዋት እመኛለሁ።

ጉልበቴ እንደፈቀደልኝ ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሳዎ፣
አስቻለው፣ የዘርፈሽዋል ወንድም፣ የእምነት አባት

ማስታወሻ፦ እህቴ ያረፈች ዕለት እኛ አፓርታማ ውስጥ ሴቶቹ ገና ማልቀስ ሲጀምሩ፣ ድምፅ ቀንሱ የሚል ወረቀት በራችን ላይ ተለጠፈ። ቀነስን። እኔም ትራሴን ነክሼ አነባሁ። በዓለም ላይ እጅግ የምትጮኸው የእርስዎ ከተማ ግን ዝም በሉ አላለችንም።

ግልባጭ፦ ለአፓርታማችን ማኔጀር። በራቸው ላይ ለጥፌዋለሁ።