የተጠራሁት እኔ ነበርሁ

ሞጣ፣ ጥቅምት 2010 ዓ.ም.

ውድ እኅቴ ወይንእሸት፣

ደብዳቤ ሲጻፍ መጀመሪያ የሚጠየቀው ጤና ነው። እኔ ግን ስለ ጤናሽ ከመጠየቄ በፊት መኖርሽን መጠየቅ ነበረብኝ፤ እሱን ደግሞ እጄ እሺ ብሎ አይጽፈውም። ስለዚህ አለሽ ብዬ ጀምሬአለሁ። ከቢቸና ገበያ ስትጠፊ ስድስት ዓመትሽ ነበር፤ አሁን ሃያ ሰባት ሞልቶሻል። ብትረሺኝ አልፈርድብሽም። ታላቅሽ ምስራቅ ነኝ።

ያን ቅዳሜ ላስታውስሽ። መጋቢት 28 ቀን 1988፣ የሆሳዕና ዋዜማ ነበር። እማዬ ጌሾ ትሸጣለች፤ ለፋሲካ ጠላ የማይጠምቅ ስለሌለ ቀና የምትልበት ጊዜ አልነበራትም። እኔ ከዋርካው ሥር ከጎረቤት ልጆች ጋር ቅልልቦሽ እጫወታለሁ። አንቺ አጠገቤ ቁጭ ብለሽ "ነገ የዘንባባ ቀለበት ትሠሪልኛለሽ? ለአውራ ጣቴም?" እያልሽ ትነዘንዢኛለሽ። "እሺ አልሁ እኮ!" ብዬ ተቆጣሁሽ። እንዲያውም ሁለቴ ተቆጥቼሻለሁ።

ነጠላዋን ያጣፋች ሴትዮ መጥታ ከፊቴ ቆመች። በአንድ እጇ ዶሮ፣ በሌላው የጌሾ እስር ይዛለች። "አንቺ ልጅ፣ እስቲ ይችን እስከ መኪናው አድርሽልኝ፤ እደጊ" አለች። ያለችው እኔን ነው። አንቺን ልብ ያለችሽም አይመስለኝም። ትልቅ ሰው ሲልክ እምቢ አይባልም፤ በእኛ አገር ልጅ ለላከው ሁሉ ነው። እኔ ግን እያሸነፍሁ ነበር። አራቱ ጠጠር መሬት ላይ፣ አንዱ አየር ላይ። ቀና ሳልል "ወይንእሸት፣ አንቺ ሂጂ" አልሁሽ።

ተነሣሽ። ጌሾውን በሁለት እጅሽ አቅፈሽ ከኋላዋ ኩስ ኩስ እያልሽ ሄድሽ። ያን ዙር አሸነፍሁ። ቀና ስል የለሽም።

እማዬ ስትጠይቀኝ "ሴትዮዋ እሷን ጠራቻት" አልሁ። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፤ ዱላ ፈርቼ ነው። ፖሊስም እንዲያ ብሎ ጻፈ። ከዚያ ወዲያ እውነቱን ለመናገር ስነሣ ሁሉ አባዬ አንቺን ፍለጋ መንገድ ላይ ነው፣ እማዬ ታለቅሳለች፣ እኔም ተመልሼ እቀመጣለሁ።

የሞጣው መኪና ረዳት "አንዲት ሴትና ጌሾ የታቀፈች ልጅ ሞጣ ወርደዋል" ብሎ መሰከረ። ከዚያ በኋላ አየኋት ያለ የለም። አባዬ ሞጣን ቤት ለቤት አሰሰ፤ እስከ ደጀን፣ እስከ የጁቤ ዘለቀ። ሞጣ ሲያመሽበት የሚያስጠጋው ይማም የሚባል ጨርቅ ነጋዴ ነበር። አባዬ በየቤተ ክርስቲያኑ ሲያስነግር ይማም በመስጊዱ ያስነግርልን ነበር። ፖሊሶቹ በየዓመቱ "ፋይሉ አልተዘጋም" ይሉታል። አባዬም ቤት መጥቶ "እነሱ ፋይላቸውን፣ እኛ በራችንን" ይልና መቀርቀሪያውን ሳያስገባ ይተኛል። እንዲህ እያለ ሞተ።

እኔ ሞጣ መናኸሪያ ትኬት ቆራጭ ሆንሁ። ትኬት ላይ የተሳፋሪ ስም ይጻፋል፤ ሥራውን የወደድሁት ለዚያ ነው። ስም እጠይቃለሁ፣ ቀና ብዬ ፊት አያለሁ፣ "አገርሽ የት ነው? እናትሽስ?" እላለሁ። ሰልፈኛው "ይች ትኬት ቆራጭ ናት ወይስ ነፍስ አባት?" ብሎ ያጉረመርማል። እስካሁን ዘጠኝ ወይንእሸቶች አሳፍሬአለሁ። አንዷ ትክ ብዬ ሳያት "ምነው፣ የሰረቅሁሽ አለ?" አለችኝ። ይቅርታ ጠየቅኋት። ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ግን መስኮቱን ዘግቼ አለቀስሁ።

ልጄ ስትወለድ ጎረቤት ሁሉ "ፈንታነሽ በሏት" አለ። እማዬ "ፈንታ የሚባለው በሞተ ነው። የእኔ ልጅ መንገድ ላይ ናት" ብላ ከለከለች። ውበቴ አልናት። አንድ ነገር አጥብቄ አስተማርኋት፦ ማንም ቢልክሽ እምቢ በይ። ለዚህም ሠፈሩ ልጄን ስድ አደግ ይላታል።

ባለፈው ሳምንት የጎረቤታችን አሮጊት ከሱቅ ዳቦ እንድታመጣላቸው ውበቴን ላኳት። "እናቴ ሳታውቅ አልሄድም" አለቻቸው። አባዬ ከሞተ ጀምሮ እማዬ ከእኔ ጋር ናትና፣ ሴትዮዋ ለእሷ ሊከሱ መጡ።

"ወይዘሮ አየሁሽ፣ ይችን ልጅ ምን አድርጋችሁ ነው ያሳደጋችኋት? ጥጃ እንኳ ሲጠሩት ይመጣል!"

"እኔ ነኝ እንዲያ በይ ያልኋት" አለች እማዬ፣ ምስር መልቀሟን ሳታቆም።

ሐሰት ነው፤ ያስተማርኋት እኔ ነኝ። ለእኔ ስትል ስትዋሽ ስሰማ አልቻልሁም። ሴትዮዋ እንደወጡ እግሯ ሥር ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኋት። ጠጠሩን፣ "አንቺ ሂጂ" ማለቴን፣ ለፖሊስ መዋሸቴን። እጇ ምስሩ ላይ ቆመ።

"ያች ሴትዮ አስቀድማ የመጣችው እኔ ዘንድ ነው" አለች። "ጌሾውን የገዛችው ከእኔ ነው። 'የሚያደርስልኝ ልጅ የለም ወይ?' ብትለኝ፣ 'ያውልሽ፣ ከዋርካው ሥር ልጆቼ አሉ፤ አንዷን ውሰጂ' አልኋት። 'ልጆችሽን ይባርክልሽ' ብላኝ ሄደች። አባትሽ ይኸን ሳይሰማ ሞተ።"

ሃያ አንድ ዓመት ከመንፈቅ፣ በአንድ ማዕድ እየበላን፣ አንዷ ከሌላዋ ስትደብቅ ኖርን። ተቃቅፈን አለቀስን። እሷ "አንቺ ልጅ ነበርሽ" ትለኛለች፤ እኔ "አንቺ ምን ታውቂ ነበር" እላታለሁ። ውበቴ ግራ ገብቷት የፈሰሰውን ምስር ትሰበስብ ነበር።

በማግሥቱ ቢቸና ሄደን ቃላችንን አስተካከልን። መዝጋቢው ፖሊስ ጨዋ ልጅ ነው። "እናቴ፣ ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ ምን ይለውጣል ብለው ነው?" አላት።

"ስትመጣ እውነቱን ታንብበው ብዬ ነው" አለችው።

እኔም ይህን የምጽፍልሽ ለዚያው ነው። በየሆሳዕናው ሁለት የዘንባባ ቀለበት እሠራልሻለሁ፣ አንዱ ለአውራ ጣትሽ። ልክሽን ስለማላውቅ በእኔ እለካዋለሁ። ናፍቀሽኛል። ድምፅሽ ከጠፋብኝ ቆየ፤ ንዝንዝሽ ግን አልጠፋኝም። በሞጣ ብታልፊ መስኮቴ ዘንድ ነይ። ሌላ ስም አውጥተውልሽ ከሆነም እሱኑ ንገሪኝ፤ እጽፈዋለሁ።

መምጣት ካልቻልሽ ሰው ላኪብኝ። ያን ቀን የተጠራሁት እኔ ነበርሁ። አሁን ከየትም ጥሪኝ፤ ራሴ እሄዳለሁ።

ታላቅሽ፣
ምስራቅ አስናቀው