ከጊዮርጊስ ጀርባ የነበረችው ሴት

ጥቅምት 13
ዛሬም ፍሬም ቤት ዋልሁ። ትምህርት ካቆምሁ ጀምሮ አጎቴ ግሩም ጋ መስታወት እወለውላለሁ፣ ሚስማር አቀብላለሁ። ደንበኛ ሲመጣ ወደ ግድግዳው እዞራለሁ። "ዜማ ተብለሽ ድምፅሽ የት አለ?" ይለኛል አጎቴ። ሁሌ ይችኑ...

የእማማ ወለተ ሥላሴ የቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል መስታወቱ ተሰንጥቆ መጥቷል። ለሃያ ሦስት ይፈልጉታል፣ ለወርኀዊ በዓሉ። ስፈታው ከሥዕሉ ጀርባ ሌላ ትንሽ የሥዕል ወረቀት አገኘሁ። ሴት ናት። ወደ ጎን የምታይ። ማን ደበቃት?

ጥቅምት 14
ከሥሯ የፈረንጅ ጽሑፍ አለ፣ 1843 የሚል ቁጥርም። አጎቴ በስልኩ አስተረጎመው።
"'የጣና ዳር ሴት' ይላል።"
"ስሟስ?"
"የለም። ሴት፣ በቃ። ጥግ ላይ ያለችው ደቃቅ ጽሑፍ የሣላት ሰው ስም ናት።"
የራሱን ጽፎ የእሷን መጻፍ ምን ከበደው?

በማጉያ መነጽር አየኋት። ጥላው ጥላ አይደለም፣ መስመር ነው። እንደ ፀጉር የቀጠነ፣ ጉንጯ ሲዞር አብሮ የሚዞር። ብርሃን ያረፈበት ቦታ ደግሞ ምንም አልተሣለም። ብርሃኑ ወረቀቱ ራሱ ነው! አንገቷ ላይ ማተብ አለ። አፏ ግጥም ብሏል... ምን ልትል ነበር?

ጥቅምት 17
እማማ ወለተ ሥላሴ መጡ። አጎቴ ወረቀቱን አሳያቸው። አማተቡ።
"አንድ ዓይና! ይኸን ሁሉ ዘመን ለጊዮርጊስ ስሰግድ ለዚች ኖሯል የምሰግድ?"
አጎቴ ሳቁን ዋጠ። ግን እውነታቸውን ነው። በጣና ደሴቶች አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ ቅዱሳን በሁለት ዓይናቸው ያዩናል። ወደ ጎን ዞሮ በአንድ ዓይን የሚሣለው ሰይጣንና ከሃዲ ነው።
"አንች ልጅ፣ አቃጥያት። ዛሬውኑ።"
"እሺ" አልሁ።

አላቃጠልሁም። እዚህ ደብተር ውስጥ ናት። እማማ አምነውኝ ሄዱ። ውሸታም ሆንሁ? እውነት ክፉ ብትሆንስ?

ጥቅምት 20
የኔታ ጥዑመ ልሳን ከዘጌ በጀልባ መጡ። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ናቸው፣ ሥራቸውን እኛ ጋ ያስከፍፋሉ። አጎቴ ምሳ ሲወጣ ደብተሬን ከፈትሁ።
"የኔታ፣ ይች ሰይጣን ናት?"
ብዙ አዩዋት። "ማን አለሽ?"
"ወደ ጎን ስለምታይ..."
"እሱ የእኛ ሕግ ነው ልጄ። ፈረንጁ በምን ያውቀዋል? ከጎኗ ሆኖ ያየውን ሣለ። እሷ ግን የዚህ አገር ሰው ናት። ማን እንዴት እንደሚሣል ታውቃለች። እየሣላት መሆኑን ብታውቅ ኖሮ ፊቷን ትመልስ ነበር። ሳይነግራት የሣላት ይመስለኛል።"

ሳይነግራት! ስሟን ያልጠየቃትም ለዚያ ይሆን?

የማን እንደሆነች ነገርኋቸው። "በይ ለባለቤቷ ተናገሪ። ሰው ተሰርቆ አይቀመጥም" አሉኝ።

ጥቅምት 22
እማማ ጊዮርጊስን ሊወስዱ መጡ። እኔ ወደ ግድግዳው ዞሬ ነበር። ፊቴን መለስሁ።
"እማማ... አላቃጠልኋትም።"
"ምን አልሽ?"
የኔታ ያሉትን ሁሉ ነገርኋቸው። ወረቀቱን ተቀብለው ወደ ዓይናቸው አስጠጉት።
"ማተቧን አላየሁትም ነበር... ሳይነግራት? ሌባ! እኔንም አንዱ ቱሪስት ጀልባ መሳፈሪያው ላይ እንዲሁ በስልኩ ቀጭ አረገኝ። ያውም አፌን በቆሎ ሞልቼ!"
አጎቴ በሳቅ ሞተ። እሳቸውም ሳቁ።
"በይ አንችው ያዣት። ከቅዱስ ጀርባ ግን እንዳትከችያት። የራሷ ግድግዳ ይኑራት።"
ለውሸቴ ጆሮዬን ቆነጠጡኝ። አሁንም ያመኛል።

ጥቅምት 26
ክፈፏን እኔው ቆረጥሁት። አንዱ ጥግ አልገጠመም። ፊቷ ወደ ሐይቁ እንዲሆን አድርጌ ሰቀልኋት።

ዛሬ አንድ ደንበኛ አያትና "ንግሥት ናት" ብሎ ድርቅ አለ። "የየትኛው ንጉሥ ሚስት ናት?" አለኝ።
"አይታወቅም። ስሟን የጠየቃት የለም" አልሁት። ዓይን ዓይኑን እያየሁ።

ከዚያ ትእዛዙ ላይ ልጽፈው የእሱን ስም ጠየቅሁት። ክንዱ ይባላል።