ከሳንቃው ላይ ያልተቆረጠው ቤት

ለውዴ ለዩሱፍ፣

አሰላሙ አለይኩም። አላህ ቀብርህን ያብራልህ፣ መኝታህን ያስፋልህ። ከተለየኸኝ ሁለተኛው ክረምት እየገባ ነው። የመጀመሪያውን እንዴት እንዳለፍኩት አላውቅም፤ ሰው ሁሉ አብሽሪ ሲለኝ እሺ እያልኩ፣ ሲሄዱልኝ ደግሞ ከባዶ ምንጣፍህ ጋር እየተፋጠጥኩ ወጣሁት። ዘንድሮ ግን የያዘኝ ሌላ ነገር ነው። ፈርቻለሁ። ነገሩ የጀመረው ካንተ እጅ ስለሆነ ላንተው ልጽፍልህ ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ልጃችን ሰሚራ ጎብዬ ከተማ አግብታ ወንድ ልጅ ወልዳለች። ዓይኑ ያንተ ነው፤ ሲስቅ ጭራሽ ይጠፋል። ገበያ ይዛው ስትወጣ "ይሄማ የጃፓኑ ነው" ይሏታል፣ እሷም ደስ ይላታል። ቀይዋ ፍየል መንታ ወልዳለች። የሥራ ክፍልህን አልነካሁትም፤ ምስጥ እንዳይገባበት አመድ እበትንበታለሁ እንጂ።

ሥዕል የቀረጽክባቸው ሳንቃዎችህ ግን የሉም። ይህን እስከ ዛሬ በዱዓዬም ላይ ልነግርህ አልደፈርኩም ነበር። የቀብርህ ዕለት ለለቀስተኛው ወጥ የሚሠሩት ሴቶች እንጨት አለቀባቸው። በረንዳው ላይ የደረደርከውን ሲያዩ፣ የተቀረጸውን ፊት ወደ ውስጥ አድርገህ ስለነበር፣ ለማገዶ የተፈለጠ ደረቅ ዋንዛ መሰላቸው። የገበያ ቀኑን፣ ማሽላ ጠባቂዎቹን፣ ከዞብል ተራራ ጀርባ የምትወጣውን ፀሐይ፣ ያን ሁሉ ዕድሜህን አንድደው ለቀባሪዎችህ ምሳ አበሰሉበት። ሳየው ጮህኩ። እነሱ ስላንተ የጮህኩ መስሏቸው ደግፈው ወደ ቤት አስገቡኝ። ማንንም አልወቅስም፤ አንተም ብትኖር ኖሮ ወጡን ቀምሰህ ጨው አንሶታል ትል ነበር።

አንድ ሳንቃ ብቻ ተረፈ። ያተረፉት ጎረቤታችን እማማ አሚናት ናቸው። እሳት ሊገባ ሲል አዩትና "ቤቴን ልታቃጥሉብኝ ነው!" ብለው ከሴቶቹ እጅ ነጥቀው በነጠላቸው ጠቀለሉት፤ ኋላ ለኔ መለሱልኝ። ወንዙና ዳሩ ላይ ያሉት ቤቶቻችን የተቀረጹበት ሳንቃ ነበር። ዛሬ እንቅልፍ የነሳኝም እሱ ነው።

አንተ ከጃፓን ወደ ቆቦ የመጣኸው ከውሃ ጉድጓድ ቆፋሪዎች ጋር ነበር። የእጅህ ሥራ ግን ሌላ ነው፤ እንጨት ቀርጾ ሥዕል ማተም ከአባትህ የያዝከው ነገር ነበር። ልጅ ሳለህ እሱ ከአንድ የሙያው አዋቂ ዘንድ አስገብቶህ መሮ ከመሳል በቀር ምንም ሳትሠራ ዓመታት እንዳለፉ ትነግረኝ ነበር። ጉድጓዱ አለቀ፣ ሰዎቹ ሄዱ፣ አንተ ቀረህ። ሳቡሮ የነበርከው ሰው ለኒካሃችን ዩሱፍ ሆንክ። አማርኛን ከእህል ተራ ሴቶች ስለተማርክ ስትቆጣ እንደ ማሽላ ነጋዴ ነበር የምትናገረው፤ በዚያ ላይ እየሳቅኩ ስንቱን ጠብ ሳንጨርሰው ቀርተናል። ጥቁሩን ቀለም ከድስቴ ጥላሸት፣ ሙጫውን ከስንዴ ዱቄቴ ትወስድ ነበር። ወረቀቱን በሳንቃው ላይ አንጥፈህ፣ በበቆሎ ቅጠል በሸፈንካት ክብ ነገር ስታሸው ድምፁ ቆርቆሮ ላይ ዝናብ ሲጀምር ይመስለኝ ነበር። ያን ድምፅ በጣም እወደው ነበር።

ወንዛችንን ታውቀዋለህ። ዓመቱን ሙሉ ደረቅ አሸዋ ነው። ክረምት ላይ ግን እኛ ዘንድ ጠብታ ሳይወርድ ደጋው ዘንቦ ድንገት ይመጣል። አንተ በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ ከዳሩ ላይ ተቀምጠህ ታየው ነበር። አዲስ ሳንቃ አትቀርጽለትም፤ በዚያው በአንዱ ላይ ወንዙ የወሰደውን ያህል መሬት ትቆርጥና አንድ ወረቀት ታትማለህ። ወንዙም አይመልስም፣ እኔም የቆረጥኩትን አልመልስም፣ ስለዚህ አንድ ሳንቃ ይበቃናል ትል ነበር።

ለምን እንደምትደክምበት የነገርከኝ አንድ ቀን ብቻ ነው። የተወለድክባት ከተማ ከባሕር ጠርዝ ላይ ናት። የድሮ ሰዎች ባሕሩ ወጥቶ የደረሰበት ቦታ ላይ ድንጋይ አቁመው፣ ከዚህ በታች ቤት አትሥሩ ብለው ጽፈውበታል። ሰው ድንጋዩን ለመደው፣ እያደር ወደ ታች ሠራ። የእናትህ ቤት ከድንጋዩ በታች ነበር። ይህን ብለህ ማታ እስኪሆን መሮህን ስትስል ዋልክ። እኔም አልጠየቅኩህም።

አንድ ዓመት ግን ቸኮልክ። የእማማ አሚናት ሾላ ገና ቆሞ ሳለ ከሳንቃው ላይ ቆረጥከው። ሥሩ ተራቁቷል፣ የሚመጣውን ክረምት አያልፍም አልክ፤ አላለፈም። ሰፈሩ ግን ሥሩን አላየም፣ ያየው መሮህን ነው። ጃፓኑ የቆረጠውን ውሃ ይወስደዋል ተባለ። እማማ አሚናት ሽማግሌ አስከትለው መጡ። "ዩሱፍ ልጄ፣ በአላህ ይዤሃለሁ፣ ቤቴን አትቁረጥብኝ" አሉህ። ውሃው በመሮ እንደማይታዘዝ ልታስረዳቸው ሞከርክ፤ እሳቸው አለቀሱ፣ ሽማግሌዎቹም መሬት መሬቱን አዩ። አንጀትህ አልቻለም። አልቆርጠውም ብለህ ቃል ገባህላቸው።

ቃልህንም ጠበቅህ። ችግሩም ይኸው ነው ውዴ። ከዚያ ወዲህ ባተምካቸው ወረቀቶች ላይ ዳሩ ሁሉ እየተበላ ሲመጣ የእሳቸው ቤት ብቻ ምንም እንዳልተነካ ቆሟል። አሁን በየጁምዓው ከሶላት በኋላ ይመጣሉ። ሳንቃውን አምጪልኝ ይሉኛል፣ ቤታቸውን በጣታቸው ይዳብሱታል፣ "አልሐምዱሊላህ፣ አልተቆረጠም" ብለው ደስ ብሏቸው ይሄዳሉ። ልጃቸው ሮቢት ከተማ ላይ ቤት ሠርቶ ይምጡልኝ እያለ ይለምናቸዋል። የት እሄዳለሁ፣ ዩሱፍ ቃል ገብቶልኛል ነው መልሳቸው።

አምና ክረምቱ የበለስ አጥራቸውን ጠርጎ ወሰደው። አሁን ከግድግዳቸው እስከ ገደሉ አንድ አልጋ አይዘረጋም። ዘንድሮ ደግሞ ገና ሳይዘንብ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ማንም ሳይነካው አፈሩ እየተናደ ወደ አሸዋው ይወርዳል። በረንዳ ላይ ማሽላ ስለቅም እሰማዋለሁ፤ ሽው ይልና ዝም ይላል። በግቢያችንም ስንጥቅ ወጥቷል። ከበሩ ተነስቶ እስከ ሥራ ክፍልህ ግድግዳ ሄዷል። በጭቃ ደፈንኩት፣ ሳይደርቅ ተመልሶ ተከፈተ። ፍየሎቹ በወንዙ በኩል አንተኛም ብለዋል። ጨው ይዘው የሚመጡት አፋሮች ድሮ ግመሎቻቸውን አሸዋው ላይ ያሳርፉ አልነበር? አንዱን ዘንድሮ ለምን እንደተዉት ብጠይቀው፣ ግመሎቹ እምቢ አሉ አለኝና ለወሬ እንኳ ሳይቆም ሄደ። ከሰዓት በኋላ ከሰዓት በኋላ ደጋው በምዕራብ በኩል ይጠቁራል፤ እኛ ጋ ግን ቅጠል አይንቀሳቀስም።

ወረቀቶችህን ከሳጥኑ አውጥቼ በተርታ ዘረጋኋቸው። አንድ በአንድ ሳያቸው ለውጡ አይታወቀኝም ነበር። አብረው ሲሆኑ ግን ወንዙ ወደ እኛ ሲዞር በዓይኔ አየሁት። እማማ አሚናትን በቃል እንደማልረታቸው አውቃለሁ፤ አንተም አልረታሃቸውም። እሳቸው የሚያምኑት መሮህን ብቻ ነው።

ስለዚህ ትንሿን ቢላህን አነሳሁ። አንተ ወደ ራስህ እየሳብክ ነበር የምትቆርጠው፤ እኔ ድንች እንደሚልጥ ሰው ገፋሁትና አውራ ጣቴን በላኝ። ደግሞ የሳንቃው ግራ በወረቀት ቀኝ እንደሚሆን ስንት ዓመት አብሬህ ኖሬ ረሳሁትና የሌላ ሰው በረት ልቆርጥ ነበር። የእማማ አሚናትን ቤት ከጣሪያው ጀምሬ ፈቅፍቄ ጨረስኩት። ጥላሸት ቀባሁ፣ ወረቀት አነጠፍኩ፣ አሸሁ። መልኩ አያምርም፤ ባዶነቱ ግን ይታያል።

ወስጄ ሰጠኋቸው። ብዙ አዩት። የሚረግሙኝ መስሎኝ ነበር፣ አልረገሙኝም። በእርጋታ ጣታቸውን ከባዶው ቦታ አንስተው በጎን ባለው ቤት ላይ አሳረፉት። "ያንቺ ግን ቆሟል" አሉኝ። "የኔን ቆርጠሽ የራስሽን አስቀረሽ። ያንቺ ካልሄደ የኔም አይሄድም።" ወረቀቱን መለሱልኝና ዶሮዎቻቸውን ሊጠሩ ወጡ።

እውነታቸውን ነው። የራሴን አላሰብኩትም ነበር፤ አንተ የገነባኸው፣ አንተ የሞትክበት ቤት ነዋ። ተመለስኩና ሳንቃውን ጭኔ ላይ አደረግኩት። ዩሱፌ፣ ለምን አልነገርከኝም? ወረቀቱ ላይ ሁልጊዜ የውሃ ጀሪካን የሚመስለኝ ነጥብ አለ፣ በራችን ላይ። እንጨቱን በጣቴ ስዳስሰው ጀሪካን አይደለም። ሻሽ ያሰረች ሴት ተቀምጣለች። ማሽላ ትለቅማለች። ያን ሁሉ ዓመት ዳሩን ስትቆርጥ እኔን እየዞርክ ነበር የምትቆርጠው። እዚያው ሳንቃው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ፣ ከቀብርህ ቀን ይልቅ አለቀስኩ። ከዚያ ጣሪያውን ቆረጥኩ፣ ግድግዳውን ቆረጥኩ፣ መጨረሻ እሷን ቆረጥኳት።

እማማ አሚናት አትሜ የወሰድኩላቸውን ሁለተኛ ወረቀት ሲያዩ አቅፈው ሳሙኝ። በማግስቱ ልጃቸው ባጃጅ ይዞ መጥቶ ከአልጋቸውና ከዶሮዎቻቸው ጋር ወሰዳቸው። እኔም ነገ ፍየሎቹን ይዤ ሰሚራ ዘንድ እሄዳለሁ። ሰፈሩ እያጉረመረመ ነው፤ የጃፓኑ ሚስት ደግሞ ጀመረች ይላሉ። ውሃው ባይመጣ ይሳቁብኝ። ይህን ስጽፍልህ ግን ከደጋው በኩል ድምፅ ይሰማኛል፤ ነጎድጓድ ነው እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ።

ሳንቃውን ይዤው እሄዳለሁ። ከወንዙ ወዲህ ብዙ የቀረበት ነገር የለም። በጥጉ ላይ ያለው ጉብታ፣ አሁን አንተ የተኛህበት፣ እንደቆመ ነው። በየጁምዓው በጣቴ እየዳበስኩ ፋቲሃ እቀራልሃለሁ፤ እስትንፋሴ እስካለች አልረሳህም። ጉብታውንም አልቆርጠውም። ይኸው፣ እኔም እንዳንተ ቃል ገባሁ፤ አላህ ይቅር ይበለኝ።

ባለቤትህ ዘሀራ