በመስታወት ሣጥን ውስጥ ተመችቷቸው ስለሚኖሩት የጆሮ መከላከያዎች

ለተከበሩ የአውሮፕላን ማረፊያችን የሥራ ደኅንነት ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ፤ ጤናዎ፣ በተለይም ጆሮዎ፣ የቢሮዎ ድርብ መስታወት እንደሚጠብቀው ሁሉ ተጠብቆ ይኑር። እኔ ዕድሜዬን ሻንጣ ስጭን ኖሬ ከማረፊያው በጡረታ የተሰናበትኩ፣ ዛሬም እዚያው ከሞተር ሥር የሚውል የእህት ልጅ ያለኝ ሰው ነኝ። ውለታዎ ብዙ ስለሆነ ምስጋናዬን በተራ በተራ ላቅርብ።

፩. በቢሮዎ መግቢያ በመስታወት ሣጥን ስለተሰቀሉት የጆሮ መከላከያዎች እናመሰግናለን። እንግዳ ሲመጣ ወጥተው፣ እንግዳው ሞተሩን ከሩቅ ተሳልሞ ሲመለስ ተወልውለው ስለሚገቡ፣ እስከ ዛሬ ጭረት አልነካቸውም። የእኛም ጆሮ እንደ እነሱ ቢያዝ ኖሮ ትንኝ ስታዛጋ እንሰማ ነበር።

፪. ለሠራተኛው የሚታደለው የጆሮ ውታፍ ለሁለት ሰው አንድ ጥንድ በመሆኑ ስላተረፍነው ፍቅርም እናመሰግናለን። ባልደረባዬ ቀኝ ጆሮውን፣ እኔ ግራዬን ደፍነን ስለኖርን፣ ዛሬ ከሁለታችን አንድ ጤነኛ ሰው ይወጣል። በግራዬ ሆኖ ሲሄድ እንጨዋወታለን፤ ቦታ ከተቀያየርን ግን እንደተኳረፈ ሰው ዝም ብለን እንጓዛለን።

፫. የእህቴ ልጅ ጆሮ ስለደከመ ከሚስቱ ጋር ስለ ሽንኩርት እየጮኹ ሲነጋገሩ ጎረቤት ጠብ መስሎት ሽማግሌ ይዞ ገባ። ሽማግሌዎቹም ነገሩን ቢረዱም ባዶ እጃቸውን መመለስ ስላሳፈራቸው፣ ያልተጣሉትን አስታርቀው መርቀው ሄዱ። እስከዚህ ድረስ እኛም ስቀናል። በኋላ ግን ሚስቲቱ ገበያ ወርዳ፣ እሱ ጀርባውን ሰጥቶ ሳህን ሲያጥብ፣ ጨቅላ ልጃቸው በጓዳ ድምፅዋ እስኪዘጋ አለቀሰች። የሰማቻት ከበር የገባችው እናቷ ናት። ከዚያ ወዲህ ብቻውን ከልጁ ጋር ሲሆን ዓይኑን ከእሷ ላይ አይነቅልም።

፬. በዚህ ምክንያት ከሞተር የራቀ ሥራ እንዲሰጡት ሲያመለክት፣ በቸርነትዎ የጆሮ ምርመራ አዘዙለት። ድምፅ በሰማህ ቁጥር እጅህን አንሣ ተባለ፤ ነርሷም ፊት ለፊቱ ተቀምጣ ድምፅ የሚያሰማውን ቁልፍ ትጫን ጀመር። ክቡርነትዎ ወደ ሜዳው ወርደው ስለማያውቁ አይፈረድብዎትም እንጂ፣ ሞተር አጠገብ ሰው የሚነጋገረው በእጅ ነው፤ የእጅ ምልክት ያመለጠው ሰው አውሮፕላን ያጋጫል። ስለዚህ የነርሷ አውራ ጣት ዝቅ ባለ ቁጥር የእሱ እጅ ሳያስበው ወደ ላይ ይወጣ ነበር። ለራሱም የተገለጠለት ቤት መጥቶ ሲያጫውተኝ ነው። ውጤቱ «እንከን የለበትም፣ በቦታው ይቀጥል» የሚል ሆነ፤ ሐሰት አይደለም፣ የተመረመረው ዓይኑ ነውና።

እንግዲህ ልመናዬ፣ ጀርባውን ለነርሷ ሰጥቶ እንደገና እንዲመረመር ነው። ጸጥ ያለ ክፍል የለም እንዳይሉኝ፣ በግቢው ያለው ጸጥተኛ ክፍል የእርስዎ ስለሆነ ለጥቂት ጊዜ ያውሱን። በዚያው ሲወጡ የመስታወቱን ሣጥን ቁልፍ ለሠራተኛው ቢተዉለት፣ መከላከያዎቹም በስተርጅና ሥራ ያያሉ።

የክቡርነትዎን መልስ በታላቅ ትሕትና፣ በቀረችኝ በግራ ጆሮዬ የምጠባበቅ፣
የሻንጣ ጫኚዎች ሁሉ አጎት

ማሳሰቢያ፦ በዓመታዊው ስብሰባ ስለ ደኅንነት ላደረጉት ንግግር የሜዳው ሠራተኛ ያን ያህል ሞቅ አድርጎ በማጨብጨቡ እንዳይታለሉ። የፊተኛው ረድፍ እጅ ሲነሣ አይቶ ነው።